ሐምራዊው ግንጣይ

ሌላውን ሰው የሚያስደነግጠው ክፉ ወሬ ነው፤ ፈላወይን የሚያስደነግጣት ግን ወሬ መጥፋቱ ነበር። ቀኑ በሰላም ከዋለ "ምን ሊመጣብን ነው?" ትላለች። ስልኩ ሲጮኽ ትሰጋለች፣ ጸጥ ሲልም ትሰጋለች። "ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ ይገኛል ስንጥር" ብሎ የተረተው ሰው እሷን ቢያገኛት ኖሮ፣ "ኧረ እኔ እንኳ ይህን ያህል አላልኩም" ይላት ነበር።

ፈላወይ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችበት ክሊኒክ ያወጣላት ቅጽል ነው። ሥራዋ ሐኪሞች የተጠቀሙባቸውን መቀሶችና መቆንጠጫዎች አጥቦ መቀቀል ነው። ኋላ ላይ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን ተገዝቶ መጣ፤ እሷ ግን የማሽኑን መብራት አታምነውም፤ አስቀድማ በድስት ቀቅላ ከዚያ ነው ለማሽኑ የምትሰጠው። ጠዋት ከበሩ ስትገባ፣ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ፣ ለተረኛዋ የምትለው የመጀመሪያ ነገር "ፈላ ወይ?" ነው። በዚያው ስሟ ሆኖ ቀረ።

"የፈላ ነገር አይዋሽም" ትላለች። ሰው ይዋሻል፣ ወረቀት ይዋሻል፣ ጥርት ያለ ውኃም ይዋሻል። ሃያ ደቂቃ የተንተከተከ ነገር ግን የሚደብቀው የለውም።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነበር። እሱ ፈላወይ አይላትም፤ "ስጋቴ" ነው የሚላት። ከሱቁ ሲመለስ ገና ጫማውን ሳያወልቅ፣ "እሺ ስጋቴ፣ ዛሬስ ማንን ስትገድይ ዋልሽ?" ይላታል።

"አንተን። መኪና ገጭቶህ።"

"ቀብሬ ደመቀ?"

"ምን ይደምቃል፣ ዝናብ ነበር።"

እንዲህ እየተባባሉ ነው ሃያ ዓመት የኖሩት።

መኪና አልገጨውም። ከስምንት ወር በፊት የአንዲት ሴት የእጅ ሰዓት ፈቶ፣ ትንሿን ባለ ጥርስ ሽክርክሪት በወረንጦ እንደያዘ፣ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑንና ምላሱን ይዞበት ሄደ። አእምሮው ግን እንዳለ ነው፤ ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል። የቀረችለት ግራ እጁ ናት። የጋብቻ ቀለበቱ በእሷ ላይ ስለሆነ፣ በቀለበቱ የአልጋውን ብረት ይመታል። አንድ ጊዜ ከመታ እሺ ማለቱ ነው፣ ሁለት ጊዜ ከመታ እምቢ። ዕድሜውን ሙሉ የሰዓት ድምፅ ሲያዳምጥ የኖረ ሰው፣ በመጨረሻ ለራሱም ከዚያ የተሻለ ድምፅ አልተረፈለትም።

በእግርጌው በኩል፣ ከትራሱ ቀና ሲል እንዲያየው ሆኖ፣ የጨው ውኃ አኳሪየሙ፣ የዓሣ ገንዳው፣ ተቀምጧል። አሥራ አንድ ዓመት በገዛ እጁ ያቆመው ነው። ዓሣዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው፤ የእሱ ነፍስ ያለው ኮራሉ ላይ ነበር። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው የባሕር ፍጥረት ነው፤ እንደ አበባ ይከፈታል፣ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፣ ከቅርንጫፉ ግንጣይ ተወስዶ ሌላ ድንጋይ ላይ ቢለጠፍ እንደገና ያድጋል። ሰዓት ሠሪው ሰዓት በሚፈታበት ወረንጦ እየነካካ ነበር የሚያሳድገው። ፈላወይ ወደ ገንዳው አትጠጋም። ኤሌክትሪክና ውኃ በአንድ ቤት ጎን ለጎን ማደራቸው ራሱ እንቅልፍ ይነሳታል።

ከሦስት ሳምንት በፊት መብራት ለሁለት ቀን ጠፋ። ፓምፖቹ ቆሙ፣ ውኃው ቀዘቀዘ፣ ኮራሎቹ እየነጡ እንደ ረጠበ ወረቀት ተላጡ። ሰዓት ሠሪው ሁሉንም እያየ ዋለ። በሦስተኛው ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ማንኪያ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ይመታል። ሾርባ፣ ሁለት። ወተት፣ ሁለት። ውኃ ብቻ ነው የሚቀበለው። ጉንጩ እየጎደጎደ ሄደ። የክሊኒኩ ሐኪም መጥቶ አየውና በሩ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ ፈላወይ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ላዞረ ሰው የማዝለት መድኃኒት የለኝም። ወዲህ የሚያዞረው ነገር ፈልጉለት። ካልበላ አንድ ወርም አይቆይም" አላት።

መላውን ያመጣችው ልጃቸው ናት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ነገረ ሥራዋ ሁሉ አባቷን ነው። ስልኳን ይዛ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ተሰንቅራ ገባችና የኮራል ፎቶ አንድ በአንድ ታሳየው ጀመር። ሁለት። ሁለት። ሁለት። በመጨረሻ ቅርንጫፉ የአጋዘን ቀንድ የመሰለ፣ ሐምራዊ ኮራል አሳየችው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀለበቱ ብረቱን አንድ ጊዜ ነካ።

"ሰማሽ፣ እማ?"

ፈላወይ ሰምታለች። ወዲያው ያሰበችው ግን፣ ገዝተንለት እሱም ቢሞትበትስ የሚለውን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤታቸውን አጠገቡ አስቀምጠው እናትና ልጅ ወጡ። ኮራል የሚሸጥበት ሱቅ የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ሲገቡ ሰማያዊ መብራት ተቀበላቸው፤ በዚያ ብርሃን የሰው ጥርስና የሸሚዝ ክር ያበራል። አየሩ እርጥብ ነው፣ ከንፈር ላይ ጨው ጨው ይላል። ፈላወይ መጀመሪያ ያየችው ኮራሉን ሳይሆን ወለሉ ላይ የተጋደመውን የኤሌክትሪክ ገመድ ነው።

"ይሄ ገመድ ውኃ ነክቶታል" አለች።

"እንደምን አደሩ፣ እናቴ" አለ ሻጩ። እጆቹ እስከ ክርኑ በጨው የነጡ ወፍራም ሰው ነው። "ገመዱ እዚያ ሲተኛ ስድስት ዓመቱ ነው።"

"ስድስት ዓመት ቀን እየጠበቀ ነዋ።"

ልጅቱ የእናቷን ክንድ ቆነጠጠች። "ሐምራዊ ባለ ቅርንጫፍ ነው የምንፈልገው። ለአባቴ ነው፣ እሱ ነው የመረጠው።"

"ያውቁበታል አባትሽ?"

"ካንተም ሳይበልጥ አይቀርም።"

"ታዲያ ራሳቸው ለምን አልመጡም?"

"ተኝቷል" አለች ፈላወይ። ሻጩ ፊቷን አየና ወደ ግንጣዮቹ መራቸው።

ግንጣዮቹ እያንዳንዳቸው የጠርሙስ ቆርኪ በምታክል ሲሚንቶ ላይ ተለጥፈው፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ እንደ ችግኝ ተደርድረዋል። ፈላወይ ጎንበስ አለች።

"ይሄ ይሞታል?"

"ሁሉም ይሞታል እናቴ። እኔም እሞታለሁ።"

"መቼ?"

"እኔ ነኝ ወይስ ኮራሉ?"

"ኮራሉ።"

"እንግዲህ ጨዉ ከተዛባ ይሞታል፤ ውኃው ከቀዘቀዘ ይሞታል፤ መብራቱ ከበዛበት ይነጣል፣ ካነሰበት ይጠቁራል…"

"እባክህ አትዘርዝርላት" አለች ልጅቱ። "አንዱንም አትረሳልህም።"

ፈላወይ ግን ወደ ሌላው ገንዳ አልፋ ነበር። እዚያ ድንጋዮች ላይ ክብ ክብ፣ የሸሚዝ አዝራር የሚያካክሉ አበቦች ተቀምጠዋል፤ አረንጓዴ፣ ብርቱካን፣ ቀይ።

"እነዚህስ?"

"እነሱማ አዝራሮች ናቸው። የማይሞት ነገር ከፈለጉ እነሱን ይውሰዱ። መብራት ሲጠፋ ይዘጋሉ፣ ሲመጣ ይከፈታሉ። አዝራር ሲሞት አይቼ አላውቅም።"

የፈላወይ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀለል አለ። ፊቷን ወደ መስተዋቱ አስጠጋች። ምናልባት ሐምራዊውን ትቶ ይህን ይወድ ይሆናል…

"ጓንት ግን አይርሱ" አለ ሻጩ። "ውስጣቸው መርዝ አለ። ቁስል ባለው እጅ አይነኩም፣ በነካኩበት እጅም ዓይን አይታሽም።"

ፈላወይ ወደ ኋላ ስትል ከተደረደሩት የጨው ባልዲዎች ጋር ተጋጨች። "መርዝ? ሰው በሚኖርበት ቤት?"

"እናቴ፣ በረኪናም እኮ መርዝ ነው።"

"በረኪና ነፍስ የለውም። ያስቀመጥኩት ቦታ ነው የማገኘው።"

"እነሱም የትም አይሄዱም። እዩት ይሄኛውን፤ ትናንት ነው የመጣው፣ ተኳርፎ ተዘግቷል። ሲዘጋ እንዲህ ነው፣ የደረቀ ቆዳ ነው የሚመስለው…"

ፈላወይ ሰምታዋለች። አላየችም እንጂ። ጀርባዋን ሰጥታ እጇን በመሐረብ እየጠረገች ነበር፣ ምንም ሳትነካ። ልጅቱም ከሐምራዊዎቹ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

"ሦስት ናቸው እማ። ነይ አብረን እንምረጥ።" ከዚያ ወደ ሻጩ ዞራ፣ "ነጭ መብራት የለህም? አባቴ 'በሰማያዊ መብራት ጉቶም ሙሽራ ይመስላል' ነው የሚለው።"

ሻጩ ሳቀ። "እውነትም ባለሙያ ናቸው።" ሦስቱንም አውጥቶ ውኃ ባለበት ነጭ ሳህን ላይ አደረገና መብራት አበራላቸው።

የመጀመሪያው ትልቁና ቆንጆው ነው፤ ልጅቱ ወዲያው እጇን ዘረጋች። "ቆይ" አለቻት እናቷ። "ሥሩ ላይ ነጥቷል። ከታች እየተላጠ ነው።" ሁለተኛው ደህና ይመስል ነበር። ፈላወይ ሳህኑን አዟዙራ አየችው፤ በመቀስ ማጠፊያ ውስጥ የደም ነጥብ ስትፈልግ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረች ዓይን ናት። "እነዚህ ምንድን ናቸው፣ መርፌ የወጋው የሚመስሉት?" ሻጩ መነጽሩን አወረደና አጎንብሶ አየ። "ትል ነው" አለ በመጨረሻ። "የበላበት ነው። እኔም አላየሁትም ነበር።" ያንን ግንጣይ ለብቻው አገለለው።

ሦስተኛው አውራ ጣት ያህል ነው፣ ቀለሙም ደብዘዝ ያለ። ግን ቆዳው ከሥሩ ወርዶ፣ የተለጠፈበትን ሙጫ አልፎ፣ ሲሚንቶውን ይዟል።

"ይሄ ቤቱን ለምዷል" አለች ልጅቱ።

"እኔም ብሆን እሱን ነው የምወስደው" አለ ሻጩ። "እናቴ፣ ሥራ ካስፈለገዎት እዚህ ይምጡ።"

ግንጣዩን ትል በሚገድል መድኃኒት ውስጥ አሥር ደቂቃ ነከረው። ፈላወይ በግድግዳው ሰዓት ቆጠረችለት። ከዚያ ውኃ በሞላው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እያሰረ ጠየቃት።

"የምትለጥፉበት ድንጋይ አላችሁ?"

"አለ፣ መሐል ላይ። አንድ ትልቅ ድንጋይ።"

"ምን አለበት?"

"ምንም። ሁሉም ሞቷል። ቡናማ እድፍ ነው የለበሰው።"

"እድፉ ላይ እንዳትለጥፉት፤ በስብሶ ውኃውን ያበላሽባችኋል። መጀመሪያ ይጽዳ። ከረጢቱ ግማሽ ሰዓት ገንዳው ላይ ይንሳፈፍ፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል። በዚያች ግማሽ ሰዓት ያጽዱት።"

"ማጽዳቱን ለኔ ተወው" አለች ፈላወይ፣ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ።

በአውቶቡሱ ከረጢቱን በካፖርቷ ውስጥ እንደ አራስ ሕፃን ታቅፋው ተቀመጠች። ሹፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍናለች። ልጅቱ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ "እሺ እማ፣ እስካሁን ስንቴ ሞተ?" አለቻት።

"አራቴ" አለች ፈላወይ።

ጎረቤታቸውን አመስግነው ሸኙና ልጅቱ ከረጢቱን አባቷ ፊት፣ በግድግዳው በኩል አንጠለጠለችለት። የሰዓት ሠሪው ዓይን ተከፈተ። ቅርንጫፉን አየ፣ ሥሩን አየ፣ ሙጫውን አልፎ የወረደውን ቆዳ አየ።

"እማ ናት የመረጠችው" አለችው። "በዚያኛው ላይ ትል አገኘችበት። ባለቤቱ ያላየውን።"

የሰዓት ሠሪው ግማሽ ፊት፣ የሚታዘዝለት ግማሹ፣ ተንቀሳቀሰ። ልጅቱ ከረጢቱን ይዛ ከአልጋው ዞረችና ገንዳው ላይ አንሳፈፈችው። እሱም በግራ እጁ ብረቱን ጨብጦ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ራሱን ከግድግዳው አዞረ። በሦስት ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ። ፈላወይ ሮጣ ሾርባውን አመጣች። አንድ ማንኪያ ዋጠ። ሁለተኛውንም ዋጠ። ከሁለተኛው በኋላ ሾርባው የፈሰሰበት መስሏት አገጩን ጠረገችለት፤ እያለቀሰ ነበር።

"አይዞህ" አለችው። "አይሞትም። ቤቱን አጽድቼ ነው የማስገባው።"

የክሊኒኩን ወፍራም ጓንት አጠለቀች። እንደ ሥራ ቦታዋ ጭንብሏንም አደረገች፣ የባሕሩ ሽታ ያስመልሳታልና። እጇን ወደ ገንዳው ሰደደችና የመሐሉን ድንጋይ አወጣች። አንድ ዳቦ ያህላል፤ ዙሪያውን የደረቀ ቆዳ የመሰለ ቡናማ ነገር ለብሶታል።

ቀለበቱ ሁለት ጊዜ መታ።

"እምቢ ይላል" አለች ልጅቱ።

"የትም አልወስድብህም። እድፉን አስለቅቄ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።"

ሁለት።

"ሰውዬው ነው ያለው፣ ሻጩ። እድፍ ላይ ከተለጠፈ ይበሰብሳል።"

ሁለት። ሁለት።

"ምናልባት በብሩሽ እንዳትፈትጊው ይሆናል" አለች ልጅቱ።

"ማን ይፈትገዋል? እቀቅለዋለሁ እንጂ።"

በዚህ ጊዜ ሰዓት ሠሪው ያለ ቁጥር ይመታ ጀመር። ብረቱ ተንጫጫ፣ አልጋው ተነቃነቀ። ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ፈላወይ ደነገጠች፤ ሁለተኛው ስትሮክ ይመጣል ብላ ስምንት ወር የጠበቀችው ይህን ነበር። ድንጋዩን አስቀምጣ ግንባሩን ዳሰሰችው፣ የሐኪሙን ማስታገሻ አሟምታ በማንኪያ ሰጠችው። ተፋው። የሚፈራው ድንጋዩ እንዳይጠፋበት መሰላት፤ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ ድንጋይ ነው። "ቶሎ ሠርቼ ስመልስልህ ትረጋጋለህ" አለችው፣ ወደ ወጥ ቤቱም ገባች።

ወጥ ቤቱን ከክፍሉ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው፤ ከሁለት ወር በፊት ሰዓት ሠሪውን ሳንባ ምች ስለያዘው፣ ፈላወይ ነፋስ እንዳይገባ የመስኮቶቹን ጠርዝ በሙሉ በፕላስተር ለጥፋዋለች። ድንጋዩን ትልቁ ድስት ውስጥ ከተተችው፣ ውኃ ሞላችበት፣ እሳቱን እስከ መጨረሻው ከፈተችው።

ከክፍሉ ውስጥ ብረቱ ይጮኻል። ልጅቱ አባቷን ለማረጋጋት ትቀልዳለች። "ፈላ ወይ?" ትላለች ጮክ ብላ።

"ገና ነው" ትላለች እናቷ።

ፈላ። እንፋሎቱ መጋረጃውን እየገፋ ወደ ክፍሉ ገባ። ከብዙ የሞተ ዓሣ የሚከፋ ሽታ ነበረው። ፈላወይ ሃያ ደቂቃ ልትቆጥር ሰዓቷን አየች። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ልጅቱ ሳለች። ከዚያ ደጋግማ ሳለች።

"እማ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ። ሳንቲም የጎረስኩ ነው የሚመስለኝ።"

"አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት ከፍተሽ ብርድ መታሽ። አልኩሽ እኮ።"

"መስኮት ልክፈት?"

"ለአባትሽ ሳንባ? እንዳትነኪው።"

ልጅቱ ልትመልስላት አፏን ከፈተች፣ ሳሉ ግን አላስተነፍስ አላት። የገንዳውን ጠርዝ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ያኔ ነው የብረቱ ድምፅ የቆመው። ፈላወይ መጋረጃውን ስትገልጥ ሰዓት ሠሪው በግራ እጁ ከራስጌው ጠረጴዛ ላይ የነሐሱን ሰዓት አንስቷል። ያ ሰዓት ከባድ ነው፤ ደህና ሰውም በአንድ እጅ አያነሳውም። ወደ እሷ አላየም። ወደ ልጁ አየ፣ ከዚያ ወደ መስኮቱ፣ ወረወረውም። መስተዋቱ ተሰባብሮ ወደ ደጅ ፈሰሰ። ነፋሱ ገባ።

ፈላወይ ያን ጊዜ፣ ምን እንደሆነ ሳታውቅ፣ እሳቱን አጠፋች።

በጎረቤት የተጠራ አምቡላንስ ሦስቱንም ወደ ሆስፒታል ወሰዳቸው። እሷን ብርድ ብርድ እያላት ጭኗን ይቆረጥማት ነበር፣ ሌላ ብዙ አልሆነችም። ጭንብል ያደረገችው እሷ ብቻ ነበረች። ልጅቱ ኦክስጅን ተደረገላት፣ ትኩሳቷ ወጣ። ሰዓት ሠሪውን ወደ ውስጥ አስገቡት።

"ምን ነበር ምድጃ ላይ የነበረው?" ብሎ ጠየቃት የሆስፒታሉ ሐኪም።

"ድንጋይ።"

"ድንጋይ?"

"እየቀቀልኩት ነበር" አለች። ስትናገረው እንደ እብድ ሥራ ተሰማት።

ልጅቱ የኦክስጅን ጭንብሏን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ለሻጩ ደወለች፣ ድምፁንም ለሐኪሙ ከፍ አደረገችው። የሆነውን ነገረችው።

"ቀቀላችሁት? እድፉ ምን ይመስል ነበር?"

"ቡናማ። የደረቀ ቆዳ።"

"የኔ እህት፣ እድፍ አይደለም። የተዘጋ አዝራር ነው፤ ሲጎዳ ለሳምንታት ተዘግቶ ይቆያል። ሲቀቀል መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል። ሳንባ ነው የሚይዘው። አባትሽ አያውቁም ነበር እንዴ?"

ልጅቱ እናቷን አየች። ፈላወይ ጓንት እንዳጠለቀ ሰው ሁለቱን እጆቿን ከሰውነቷ አርቃ ይዛ ቆማ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እሷ መርዙን በሱቁ ውስጥ ፈርታ ሸሸችው፤ መርዙ ግን አሥራ አንድ ዓመት ከአልጋዋ አጠገብ ኖሯል።

በማግሥቱ ገብታ እንድታየው ፈቀዱላት። አፍና አፍንጫውን በቱቦ ሸፍነውታል፣ ደረቱ በማሽን ነው የሚነሣው። ግራ እጁ አብጦ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ ቀለበቱን አውልቀውለታል። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ታውቅ ነበር" አለችው። "ስትነግረኝ ነበር።"

ከፋሻው የወጣችው የጣቱ ጫፍ አንሶላው ላይ ተንቀሳቀሰች።

"ይቅር በለኝ። ይቅር ትለኛለህ?"

ጣቱ እንደገና ተንቀሳቀሰች። ፈላወይ ጎንበስ ብላ አየች፣ ጆሮዋንም አስጠጋች። ቀለበት የለም፣ ብረት የለም፣ ድምፅ የለም። አንድ ይሁን፣ ሁለት ይሁን፣ መንቀጥቀጥ ብቻ ይሁን ሊለይላት አልቻለም። "ድገመው" አለችው። አልደገመውም።

በሦስተኛው ቀን ልጅቱ ተሻላትና ወጣች። ልብስ ሊያመጡ አብረው ወደ ቤት ሄዱ። በተሰበረው መስኮት ሁለት ቀን ሙሉ ነፋስ ሲገባ ሰንብቶ ቤቱ ቀዝቅዟል። ዓሣዎቹ ይዋኛሉ። ከረጢቱ እንደ ተንሳፈፈ ነው፣ የፈታው ሰው የለም። ልጅቱ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። ሐምራዊው ግንጣይ ከሥሩ እስከ ጫፉ አጥንት መስሎ ነጥቷል። ቆዳው ከረጢቱ ግርጌ እንደ ጭቃ ተቀምጧል።

"እንጣለው?" አለች።

"አስቀምጪው" አለች ፈላወይ። "አባትሽ አይስማ።"

"ምን ልንለው ነው ታዲያ?"

ፈላወይ ዕድሜዋን ሙሉ ያልሆነውን መጥፎ ነገር ሆነ ስትል የኖረች ሴት ናት። ያልሆነ ደግ ነገር ሆነ ብላ አታውቅም። "ተከፈተ እንለዋለን" አለች። "ድንጋዩን ይዟል፣ ጫፉ ነጣ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ሊያወጣ ነው እንለዋለን። ጫፉ ሲነጣ እያደገ ነው ይል አልነበር?"

"ይል ነበር።"

በአውቶቡሱ ላይ ቃሉን ደጋግማ በልቧ ተለማመደችው። ተከፈተ። ድንጋዩን ይዟል።

የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነርሷ ስታያት ከወንበሯ ተነሣች። ፈላወይ ገባት። ልጅቱ ግን እስኪነገራት ድረስ አልገባትም፣ ስለዚህ ነርሷ ነገረቻቸው፤ ከአንድ ሰዓት በፊት፣ ሳይጨነቅ። ቀለበቱን በትንሽ ፖስታ አድርጋ ሰጠቻት።

ገብተው አዩት። ቱቦውን አውጥተውለታል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋው በአንድ ጎኑ ከግድግዳው ተጠግቷል፣ በሌላው ጎኑ በሩ አለ። የሰዓት ሠሪው ፊት ወደ በሩ ዞሯል።

ልጅቱ ግንባሯን ደረቱ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። ፈላወይ ቆማ ፊቱን አየች። ራሱ ዞሮ ይሆናል፣ ይመጣሉ ብሎ፣ ስለ ግንጣዩ ልስማ ብሎ። ወይም ነርሷ ቱቦውን ስታወጣ ያዞረችው ይሆናል። ነርሷ እዚያው፣ አጠገቧ ናት። ፈላወይ ደግሞ ስትጠይቅ የኖረች ሴት ናት፤ ይሞታል ወይ፣ መቼ፣ በምን።

ፖስታውን ጨብጣ ቆመች። አልጠየቀችም።